«እዚህ» ማለት ከየት ነው? በፎልደሮች መካከል የሚጋሩ የድረ ገጽ ቴምፕሌቶችና የፋይል ዱካ

(ለፋኩልቲው ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ የትምህርት ተቋምን ድረ ገጽ የማደራጀት ኃላፊነት ተሰጥቶኝ ነበር። ገጾቹ በየትምህርት ክፍሉ ፎልደር ተከፋፍለው የተቀመጡ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ራስጌና ግርጌ ነበረው። አንድ የስልክ ቁጥር በተለወጠ ቁጥር ገጾቹን ሁሉ እየከፈቱ ማረም ግድ ይል ነበር። ይህን ድካም ለማስቀረት አንድ የጋራ ራስጌና አንድ የጋራ ግርጌ አዘጋጀሁ፤ ገጾቹ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ፋይሎች እንዲቀዱም አደረግሁ። በግርጌው ላይ ለተማሪዎች እጅግ አስፈላጊ የሆነ አንድ ሊንክ አስቀመጥሁ፦ የድጋሚ ፈተና ማመልከቻ ቅጽ። የመግቢያውን ገጽ ከፍቼ ሊንኩን ነካሁት፤ ቅጹ ተከፈተ። ሥራዬን ፈጸምሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

የማመልከቻው ጊዜ ባለቀ ማግሥት አንዲት ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ የድጋሚ ፈተናው ቅጽ መቼ ነው የሚለጠፈው?» አለችኝ። ከተለጠፈ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ነገርኋት። አልተከራከረችኝም። ስልኳን አውጥታ የትምህርት ክፍሏን ገጽ ከፈተች፤ ወደ ግርጌው ወረደች፤ ሊንኩን ነካችው። «የጠየቁት ገጽ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በየቀኑ ስትሞክር እንደ ሰነበተች፣ ቅጹ ገና እየተዘጋጀ ነው ብላ እንዳሰበች ነገረችኝ። ቅጹ በቦታው ነበር። ወደ ቅጹ የሚያደርሰው መንገድ ግን ትክክል የነበረው ከመግቢያው ገጽ ለተነሣ ሰው ብቻ ነበር።

የዛሬው ንግግሬ የሚመልሰው ጥያቄ ከዚያ ቢሮ የመጣ ነው። አንድ ሊንክ አንዲት ፊደል እንኳ ሳትለወጥበት በአንዱ ገጽ ላይ ትክክል፣ በሌላው ገጽ ላይ ስሕተት የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀምጥና ቀሪውን ጊዜ በማብራራት ላሳልፍ፦ አንጻራዊ ዱካ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚያገኘው ማን እንደሚያነበውና ከየት ሆኖ እንደሚያነበው ሲታወቅ ነው። የጋራ ቴምፕሌት ደግሞ በባሕርዩ ከብዙ ቦታ ሆኖ የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

አቅጣጫ መንገርና ዱካ መጻፍ

በአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ሲጠራ ብዙውን ጊዜ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አይናገርም። «ከታክሲ ስትወርድ ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ ሁለተኛው ቅያስ ላይ ግባ፤ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር ነው» ይላል። አነጋገሩ አጭርና ግልጽ ነው። እንግዳው ከሌላ ፌርማታ ቢወርድ ግን ያው የተነገረው ቃል ወደ ሌላ ሰው በር ያደርሰዋል። አቅጣጫው ሐሰት አልሆነም፤ መነሻው ተለወጠ እንጂ።

ዱካ የምለው አንድ ፋይል የሚገኝባቸውን ፎልደሮች በቅደም ተከተል የሚናገረውን ጽሑፍ ነው። ዱካ ሁለት ዓይነት ነው። ፍጹም ዱካ ከሥር፣ ማለትም ሁሉንም ፎልደሮች ከያዘው ከመጀመሪያው ፎልደር ይነሣል፤ አንባቢው የትም ቢሆን ወደ አንድ ቦታ ያደርሳል። አንጻራዊ ዱካ ግን «ካለሁበት» ይነሣል። በዩኒክስ ሥርዓት በእዝባር (/) የሚጀምር ዱካ ፍጹም ሲሆን፣ በሌላ ምልክት ወይም ፊደል የሚጀምር አንጻራዊ ነው። ዴኒስ ሪቺና ኬን ቶምሰን ስለ ዩኒክስ በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ እያንዳንዱ ፎልደር ቢያንስ ሁለት መዝገቦች እንደሚኖሩት ገልጸዋል። አንድ ነጥብ (.) ፎልደሩን ራሱን፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነጥቦች (..) ደግሞ ወላጁን ፎልደር ያመለክታሉ። በእኛ ጽሕፈት «ሁለት ነጥብ» ሲባል ቃልን ከቃል የሚለየው ምልክት (፡) ስለሚታሰብ፣ እንዳያምታታን ይህን ምልክት «ጥንድ ነጥብ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ጥንድ ነጥብ «አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጣ» የሚል ትእዛዝ ነው።

የድር አድራሻዎች ይህንኑ አጻጻፍ ወረሱ። ሮይ ፊልዲንግ በሰኔ 1995 የአንጻራዊ አድራሻን ደንብ በአንድ ሰነድ አስቀመጠ። በጥር 2005 ደግሞ ቲም በርነርስ ሊ፣ ሮይ ፊልዲንግና ላሪ ማሲንተር አርኤፍሲ 3986 በተባለው ሰነድ ደንቡን አሻሽለው አወጡት። ዛሬም ስለ አንጻራዊ አድራሻ ስንነጋገር የምንመለስበት ሰነድ ይህ ነው።

ብራውዘሩ የሚሠራው ስሌት

ብዙ ተማሪዎች ብራውዘር አንጻራዊ ዱካ ሲያገኝ በሰርቨሩ ፎልደሮች ውስጥ እየተዘዋወረ ፋይሉን የሚፈልግ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። ብራውዘር የሰርቨሩን ዲስክ አያየውም። የሚሠራው የጽሑፍ ስሌት ብቻ ነው፤ ስሌቱም ሦስት ደረጃዎች አሉት።

አንደኛ፣ የገጹን አድራሻ ወስዶ ከመጨረሻው እዝባር በኋላ ያለውን ይቆርጣል። ሁለተኛ፣ በቀረው ላይ አንጻራዊውን ዱካ ይቀጥላል። ሦስተኛ፣ ጥንድ ነጥብ ባገኘ ቁጥር ጥንድ ነጥቡንና ከእሱ በፊት ያለውን አንድ ፎልደር ይሰርዛል።

በምሳሌ እንየው። ገጻችን በሚከተለው አድራሻ ላይ ይገኛል እንበል፦

/ክፍሎች/ታሪክ/መምህራን

በገጹ ውስጥ ሊንኩ «ቅጾች/ማመልከቻ» ተብሎ ቢጻፍ ብራውዘሩ «መምህራን» የሚለውን ቆርጦ ይቀጥልና እዚህ ይደርሳል፦

/ክፍሎች/ታሪክ/ቅጾች/ማመልከቻ

በታሪክ ትምህርት ክፍል ፎልደር ውስጥ «ቅጾች» የሚባል ፎልደር ስለሌለ ሰርቨሩ 404 ብሎ ይመልሳል። ይኸው ሊንክ በ«/መግቢያ» ገጽ ላይ ቢገኝ ግን «መግቢያ» ተቆርጦ እዝባሩ ብቻ ይቀራል፤ ውጤቱም «/ቅጾች/ማመልከቻ» የሚለው ትክክለኛው አድራሻ ይሆናል። ያን ዕለት የሠራሁት ስሕተት በሙሉ ይህ ነበር። ግርጌውን ስጽፍ በልቤ የቆምሁት በመግቢያው ገጽ ላይ ነበር፤ ግርጌው ግን በየፎልደሩ ይነበብ ነበር።

ከዚህ ስሌት ሁለት ረቂቅ ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው የመጨረሻው እዝባር ጉዳይ ነው። «/ክፍሎች/ታሪክ» እና «/ክፍሎች/ታሪክ/» ለዓይን አንድ ቢመስሉም ለስሌቱ ሁለት የተለያዩ መነሻዎች ናቸው። ከፊተኛው ላይ «ታሪክ» ይቆረጣል፤ ከኋለኛው ላይ ምንም አይቆረጥም። አፓቺን የመሰሉ ሰርቨሮች አድራሻው የእውነተኛ ፎልደር ሲሆን በተለመደው አደረጃጀታቸው እዝባሩን ጨምረው አንባቢውን ወደ ትክክለኛው አድራሻ ይመልሱታል። ገጹ በፕሮግራም የሚፈጠር ከሆነ ግን ይህን መወሰን የፕሮግራሙ ጸሐፊ ኃላፊነት ነው። ሁለቱም አድራሻዎች አንድ ገጽ ቢያሳዩ፣ አንዱ አንባቢ የሚያየው ሥዕል ለሌላው ላይታየው ይችላል።

ሁለተኛው የበለጠ አሳሳች ነው። ጥንድ ነጥቦቹ ከፎልደሮቹ ቢበዙ ምን ይሆናል? ከሥር በላይ መውጫ ስለሌለ፣ በደንቡ መሠረት ትርፉ ጥንድ ነጥብ ይጣላል። ስለዚህ «../../ቅጾች/ማመልከቻ» ተብሎ የተጻፈ ሊንክ ሁለት ፎልደር ወደ ውስጥ ከገባ ገጽም፣ አንድ ፎልደር ከገባ ገጽም፣ ከመግቢያውም ቢሆን በትክክል ይሠራል። የእኔም የመጀመሪያ ማስተካከያ ይህ ነበር፦ ጥንድ ነጥብ ጨመርሁ፤ በሦስት ገጾች ላይ ሞከርሁ፤ ሦስቱም ሠሩ። ሦስት ፎልደር ወደ ውስጥ የገባ ገጽ ሲፈጠር ሊንኩ ዳግመኛ ተሰበረ። ድረ ገጹ ከሥር ወደ አንድ ንኡስ ፎልደር ቢዛወር ኖሮ ደግሞ ከመግቢያው ገጽ እንኳ ሊንኩ ከድረ ገጹ ውጭ ያወጣ ነበር። በአጋጣሚ የሚሠራ መፍትሔ ከማይሠራው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የማይሠራው ወዲያው ይታወቃልና።

ሁለት አንባቢዎች፣ ሁለት መነሻዎች

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ብራውዘሩ ብቻ ነው። የጋራ ቴምፕሌት ግን ሁለት አንባቢዎች አሉት። መጀመሪያ ሰርቨሩ ያነበዋል፦ ገጹን ከፍቶ «ራስጌውን ከዚህ ፋይል አምጣ፣ ግርጌውን ከዚያ ፋይል አምጣ» የሚሉትን ትእዛዞች ይፈጽማል፤ ሁሉንም አንድ ጽሑፍ አድርጎ ይሰፋዋል። ቀጥሎ የተሰፋው ጽሑፍ ወደ ብራውዘሩ ይሄዳል። ብራውዘሩ የደረሰው አንድ ገጽ ነው። የትኛው መስመር ከየትኛው ፋይል እንደ መጣ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። ስለዚህ የግርጌው ፋይል በሰርቨሩ ላይ በየትኛውም ፎልደር ቢቀመጥ፣ በውስጡ ያለው ሊንክ የሚነሣው ግርጌው ከተቀመጠበት ፎልደር አይደለም፤ አንባቢው ከከፈተው ገጽ አድራሻ ነው።

በአንድ ፋይል ውስጥ አንዱ ዱካ ለሰርቨሩ፣ ሌላው ዱካ ለብራውዘሩ ሊጻፍ ይችላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ምልክት ይጠቀማሉ፤ ትርጉማቸው ግን ይለያያል። በእዝባር የሚጀምር ዱካ ለብራውዘሩ «ከድረ ገጹ ሥር» ማለት ነው። ያው እዝባር በፒኤችፒ የፋይል ማስገቢያ ትእዛዝ ውስጥ ሲጻፍ «ከሰርቨሩ ዲስክ ሥር» ማለት ይሆናል። አንዲት እዝባር ሁለት ጌቶች አሏት ማለት ነው። ተማሪዎቼ ሥዕልን በዲስክ ዱካ ሲጠሩ፣ ወይም የራስጌ ፋይልን በድር አድራሻ ሲጠሩ የሚሳሳቱት እነዚህን ሁለት ጌቶች ስለሚያምታቱ ነው።

በሰርቨሩ በኩል ያለው ንባብም የራሱ ወጥመድ አለው። በፒኤችፒ በነጥብ ወይም በጥንድ ነጥብ የሚጀምር የማስገቢያ ዱካ የሚነሣው ትእዛዙ ከተጻፈበት ፋይል አይደለም፤ ፕሮግራሙ በዚያ ሰዓት ከሚሠራበት ፎልደር ነው፤ ይህም በድር ላይ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የተጠራው ገጽ ፎልደር ይሆናል። ስለዚህ ገጹ ራስጌውን፣ ራስጌው ደግሞ ምናሌውን በጥንድ ነጥብ የሚጠራ ከሆነ፣ ምናሌው በአንዱ ፎልደር ላሉ ገጾች ይገኛል፤ በሌላው ፎልደር ላሉት ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በ2009 ከወጣው ከፒኤችፒ 5.3 ጀምሮ የፋይሉን የራሱን ፎልደር የሚናገር «ዲር» የተባለ ቋሚ አለ፤ ዱካውን ከእሱ ማስነሣት ነው። ይህ ሲሆን ፋይሉ «ካለሁበት» ሲል በእርግጥ ራሱ ያለበትን ማለቱ ይሆናል።

የአፓቺ ሰርቨርም ይህንን ልዩነት በግልጽ አስቀምጦታል። በገጽ ውስጥ ሌላ ፋይል ለማስገባት ሁለት አጠራሮች አሉት። «ፋይል» የተባለው ከገጹ ፎልደር ብቻ ይነሣል፤ ጥንድ ነጥብም ሆነ ፍጹም ዱካ አይቀበልም። «ቨርቹዋል» የተባለው ግን የድር አድራሻን ይቀበላል፤ ስለዚህ በእዝባር ጀምሮ ከድረ ገጹ ሥር መነሣት ይችላል። በየፎልደሩ ያሉ ገጾች አንድ ራስጌ እንዲጋሩ ሲፈለግ የሚያገለግለው ይህ ሁለተኛው ነው።

መፍትሔዎቹና ዋጋቸው

በብራውዘሩ በኩል ያለው ችግር አራት የታወቁ መፍትሔዎች አሉት። እያንዳንዱ የሚያስከፍለው ዋጋ ስላለ አንድ በአንድ እመለከታቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ሙሉ አድራሻውን ከነድረ ገጹ ስም መጻፍ ነው። ከየትም ቢነበብ አይሳሳትም። ነገር ግን ድረ ገጹን ለሙከራ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ሊንኮቹ ሁሉ ወደ እውነተኛው ድረ ገጽ ይወስዷችኋል፤ የሞከራችሁት ሌላ፣ ያያችሁት ሌላ ይሆናል። የድረ ገጹ ስም የተለወጠ ቀን ደግሞ ሁሉም ይሰበራል።

ሁለተኛው ከሥር የሚነሣ ዱካ ነው፤ «/ቅጾች/ማመልከቻ» ተብሎ ይጻፋል። አጭር ነው፤ ለማንበብም ቀላል ነው፤ ድረ ገጹ የራሱ ስምና የራሱ ሥር ካለው አብዛኛውን ችግር ይፈታል። ሁለት ቦታ ላይ ግን ይከዳል። አንደኛው፣ ድረ ገጹ በሌላ ድረ ገጽ ንኡስ ፎልደር ውስጥ የሚኖር ከሆነ ነው። ፋኩልቲዎች ብዙ ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ሥር ይቀመጣሉ፤ በዚህ ጊዜ እዝባሯ ወደ ፋኩልቲው ሳይሆን ወደ ዩኒቨርሲቲው ሥር ትወስዳለች። ሁለተኛው፣ ገጾቹ ያለ ሰርቨር ሲከፈቱ ነው። ኢንተርኔት እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ተማሪዎች የትምህርት ገጾችን በፍላሽ ይቀባበላሉ። ገጹ በቀጥታ ከፍላሹ ሲከፈት እዝባር ማለት የዲስኩ ሥር ነው፤ ስለዚህ ሥዕሎቹና ሊንኮቹ አብረው ይጠፋሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ አገልግሎት በጥንቃቄ የተጻፈ አንጻራዊ ዱካ የተሻለ ነው፤ ፎልደሩ በሙሉ ተነሥቶ የትም ቢሄድ የውስጥ ዝምድናው አይፈርስምና።

ሦስተኛው «ቤዝ» የተባለው የኤችቲኤምኤል ምልክት ነው። ከ1995ቱ ከኤችቲኤምኤል ሁለተኛ እትም ጀምሮ በደንቡ ውስጥ አለ። በገጹ ራስጌ ላይ አንድ ጊዜ ሲጻፍ «በዚህ ገጽ ያሉት አንጻራዊ ዱካዎች ሁሉ ከዚህ አድራሻ ይነሡ» ብሎ ያውጃል። በአንድ መስመር ሁሉንም የሚያስተካክል ስለሚመስል ያጓጓል። «ሁሉንም» ሲል ግን በእርግጥ ሁሉንም ነው። በገጹ ውስጥ ካለ ማውጫ ወደ አንድ ንኡስ ርእስ የሚያወርዱ ሊንኮች እንኳ አንጻራዊ አድራሻዎች ናቸውና ከአዲሱ መነሻ ይነሣሉ። ረጅም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው «ምዕራፍ ሦስት» የሚለውን ሲነካ ወደ ምዕራፉ በመውረድ ፈንታ ወደ መግቢያው ገጽ ይወረወራል።

አራተኛው አድራሻውን በእጅ አለመጻፍ ነው። የድረ ገጹ መነሻ በአንድ ቦታ ብቻ ይመዘገባል፤ ቴምፕሌቱ አድራሻ በሚያስፈልገው ቁጥር ያንን መዝገብ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም ሙሉውን ዱካ ሠርቶ ለብራውዘሩ ይሰጣል። በ2003 የተጀመረው ወርድፕረስ፣ በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀው ጃንጎ፣ በ2008 የወጣው ጄኪል በአሠራራቸው እጅግ ይለያያሉ፤ በዚህ ነገር ግን ይስማማሉ፦ ሦስቱም ለቴምፕሌት ጸሐፊ አድራሻን የሚያሰላ መሣሪያ ያቀርባሉ። ድረ ገጹ ቦታ ሲለውጥ የሚታረመው አንድ መስመር ብቻ ነው። ዋጋው ገጹን የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ማስፈለጉና ቴምፕሌቱን የሚጽፍ ሁሉ መሣሪያውን ለመጠቀም መገደዱ ነው። አንድ ሰው ተቻኩሎ አንድ ሊንክ በእጁ ከጻፈ ሥርዓቱ በዚያች መስመር ላይ ይፈርሳል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ድረ ገጹ በፕሮግራም የሚዘጋጅ ከሆነ አራተኛውን ምረጡ። ገጾቹ እንዳሉ የሚቀመጡ ሆነው ድረ ገጹ የራሱ ሥር ካለው ሁለተኛው ይበቃል። በፍላሽ የሚዞር ከሆነ አንጻራዊውን ጻፉ፤ በየደረጃው ካለ ፎልደር አንድ አንድ ገጽ ከፍታችሁም ፈትኑ። የትኛውንም ብትመርጡ በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ አታደባልቁ።

የራሱ መነሻ ያለው ፋይል

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። በሲኤስኤስ ፋይል ውስጥ የተጻፈ የሥዕል ዱካ የሚነሣው ከገጹ ሳይሆን ከሲኤስኤስ ፋይሉ ከራሱ አድራሻ ነው። ምክንያቱም ያ ፋይል በገጹ ውስጥ አልተሰፋም፤ ብራውዘሩ ለብቻው ጠይቆ ያመጣው የራሱ አድራሻ ያለው ሰነድ ነው። በዚህ የተነሣ በጋራ የሲኤስኤስ ፋይል ውስጥ አንጻራዊ ዱካ መጠቀም ምንም ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም መልካም ነው። ነገር ግን ያንኑ የሲኤስኤስ ጽሑፍ ቀድታችሁ በራስጌው ቴምፕሌት ውስጥ ብታስገቡት መነሻው ወዲያው ወደ ገጹ ይዛወራል፤ የጀርባ ሥዕሉም በንኡስ ፎልደሮች ላይ ይጠፋል። በጃቫስክሪፕት ከሰርቨር መረጃ ለማምጣት የሚጻፍ አንጻራዊ አድራሻ ደግሞ፣ የጃቫስክሪፕቱ ፋይል የትም ቢቀመጥ ከገጹ ይነሣል። ልዩነቱን በቃል ከማጥናት «ይህን ዱካ ማን ያነበዋል? ሲያነበውስ የት ቆሞ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ፊደልና ዱካ

ዱካ በቁጥርና በምልክት ብቻ ሳይሆን በፊደልም ይሳሳታል። በላቲን ፊደል የተጻፉ የፋይል ስሞች በዊንዶውስ ላይ ትልቁና ትንሹ ፊደል ቢለዋወጡም በተለመደው አሠራር ይገኛሉ፤ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ የታየ ሥዕል ሰርቨር ላይ ሲጫን የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የእዝባሩም አቅጣጫ አንድ አይደለም። ኤምኤስ ዶስ በ1983 በሁለተኛው እትሙ ፎልደሮችን ሲጀምር ወደ ፊት ያዘነበለው እዝባር ለትእዛዝ አማራጮች አስቀድሞ ተይዞ ስለ ነበር፣ ለዱካ ወደ ኋላ ያዘነበለውን (\) ወሰደ። ከዊንዶውስ የተቀዳ ዱካ በድር ቴምፕሌት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይህ መታረም አለበት።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ በምትኩ ግን ድምፀ ተመሳሳይ ፊደላት አሉት። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲካተት ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር አገኙ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ለአማርኛ አንባቢ «ሥርዓት» እና «ስርአት» አንድ ቃል ናቸው፤ ለሰርቨሩ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ፎልደሮች ናቸው። ፎልደሩን አንዱ ባለሙያ በንጉሡ ሠ፣ ቴምፕሌቱን ሌላው ባለሙያ በእሳቱ ሰ ከጻፈው፣ ሁለቱም አማርኛውን ሳይሳሳቱ ሊንኩ ይሰበራል። በተጨማሪም እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ በድር አድራሻ ሲላክ ወደ ዘጠኝ ምልክቶች ይዘረዘራል። በአማርኛ ስም መሰየምን አልቃወምም፤ የቋንቋችን መብት ነው። ነገር ግን የፎልደር ስሞች በአንድ መዝገብ ሰፍረው ሁሉም ከዚያ ሊቀዳ ይገባል እላለሁ። ይህ አራተኛውን መፍትሔ በሌላ መንገድ መድገም ነው፦ አድራሻ አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ይጠየቅ።

ስለ ጠፋው መንገድ

ወደ መጀመሪያው ታሪክ ልመለስ። ተማሪዋ ከሄደች በኋላ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትሁ። ሰርቨር የተጠየቀውን አድራሻ ሁሉ፣ ያልተገኘውንም ጭምር ይመዘግባል፤ ጠያቂው ከየትኛው ገጽ እንደ ተነሣም እንዲመዘግብ ተደርጎ ተደራጅቶ ነበር። ሁለቱን ሳምንታት እያገላበጥሁ አነበብሁ። ከታሪክ፣ ከጂኦግራፊ፣ ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ገጾች እየተነሡ ወደሌለ አድራሻ የሄዱ ጥያቄዎች መስመር በመስመር ተሰልፈው አገኘሁ። ሌሊት የተጠየቁ ነበሩ፤ በመጨረሻው ቀን በየሰዓቱ የተደጋገሙም ነበሩ። መዝገቡ በየቀኑ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ አልጠየቅሁትም።

መዝገቡን አትሜ ለኃላፊዎቹ አቀረብሁ፤ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። የማመልከቻው ጊዜ በአንድ ሳምንት ተራዘመ። ተማሪዋም አመለከተች። መራዘሙን ሳይሰሙ የቀሩ እንደሚኖሩ ግን አውቃለሁ፤ ያ ማስታወቂያም የተለጠፈው በዚያው ድረ ገጽ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ልማዶች አሉኝ። አንደኛው፣ የጋራ ቴምፕሌት ስለውጥ የመግቢያውን ገጽ መጨረሻ ላይ መፈተን ነው። መግቢያው ከሥር ስለሚቀመጥ ስሕተትን ይሸፍናል፤ የሚያጋልጠው ከሁሉ ይልቅ ወደ ውስጥ የገባው ገጽ ነው። ሁለተኛው፣ ቴምፕሌት በተለወጠ ማግሥት የ404 መዝገቡን ማንበብ ነው። ሁለቱም ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስዱም።

ቲም በርነርስ ሊ በ1998 መልካም አድራሻ የማይለወጥ ነው የሚል ሐሳብ ያለው አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። እኔ ከልምዴ የምጨምረው፣ አድራሻው ባይለወጥም ወደ እሱ የሚያመለክተው ጣት ከየአቅጣጫው ሊፈተን እንደሚገባ ነው። ነገ የየትምህርት ክፍላችሁን ድረ ገጽ የምታደራጁት እናንተ ናችሁ። የተመራቂዎች ጽሑፎች፣ የፈተና መርሐ ግብሮችና የማመልከቻ ቅጾች በእጃችሁ ያልፋሉ። በቴምፕሌቱ ውስጥ አንድ ዱካ በጻፋችሁ ቁጥር ራሳችሁን በመግቢያው ገጽ ላይ አታቁሙ። ሦስት ፎልደር ወደ ውስጥ ገብታ፣ በስልኳ ላይ ያንኑ ሊንክ በየቀኑ የምትነካውን ተማሪ አስቡና ከእሷ ቦታ ሆናችሁ አንብቡት።